ሃሊም ኤል-ዳብ፦ ድምፅን፣ ትያትርንና ሥዕልን በአንድ መድረክ ያገናኘ ሙዚቀኛ

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሙዚቃ ለብቻው ተቀምጦ የሚደመጥ ነገር አይደለም። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ደቦም ይሁን የመከር ደስታ፣ ዜማው ከእግር ምት ጋር፣ ከጌጥና ከልብስ ጋር፣ ከሰዉ አቋቋም ጋር ነው የሚመጣው። ተመልካች ተብሎ ለብቻው የሚቀመጥም ብዙ የለም፤ የመጣ ሁሉ ይቀበላል፣ ያጨበጭባል፣ ተራው ሲደርስ መሐል ይገባል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ግን ጥበቦቹ ከብዙ ዘመን በፊት በየቤታቸው ተለያይተዋል። ሙዚቃ ወደ ሙዚቃ አዳራሽ፣ ድራማ ወደ ትያትር ቤት፣ ሥዕል ወደ ሥዕል ቤት ሄደ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተነሡ የሙከራ ሙዚቃ ቀማሪዎች አንዱ ትልቅ ሥራ እነዚህን የተለያዩ ቤቶች እንደገና ማገናኘት ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ግብፃዊ ነው፤ አገራችን መጥቶም ሠርቷል። ስሙ ሃሊም ኤል-ዳብ ይባላል። በውጭ አገር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ይገኛል። እኛ ዘንድ ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ከሚያውቁ ጥቂት ሰዎች በቀር የሚያነሣው የለም። ሥራዎቹን በእርጋታ ብንመለከት ለደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር የሚጠቅም ትምህርት ይዘዋል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤል-ዳብ በ1921 ካይሮ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያጠናው ሙዚቃን ሳይሆን የግብርና ምህንድስናን ነበር። የእርሻ ሥራው ወደ ገጠር መንደሮች ይወስደው ስለነበር የገበሬውን ዘፈን፣ የዋሽንቱንና የከበሮውን ድምፅ በየቦታው ሰማ። ፒያኖ ይጫወት፣ ከበሮ ይመታ ነበር። እንደ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች የአውሮፓን ሙዚቃ ተምሮ የመንደሩን መናቅ ይችል ነበር። እሱ ግን በመንደር የሰማውን ድምፅ በምርምር ሊያውቀው ፈለገ።

በ1944 ካይሮ ከሚገኝ የሬዲዮ ጣቢያ አንድ የድምፅ መቅረጫ ተዋሰ። ያን ጊዜ ካሴት አልነበረም፤ ቴፕም ገና አልተስፋፋም። መሣሪያው ድምፅን የሚይዘው በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ኃይል ነበር። ይህን ከባድ ዕቃ ይዞ ከጓደኛው ጋር ሴቶች ብቻ ወደሚገኙበት የዛር ሥርዓት ተሸፋፍኖ ገባ፤ ዝማሬውንና ከበሮውንም ቀረጸ። ከዚያ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ተመልሶ በቀረጸው ድምፅ ላይ መሥራት ጀመረ። ያስተጋባ ዘንድ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ድምፁን እንደገና አጫወተ፤ የአንዳንዱን ድምፅ ዋና መሠረት አጥፍቶ ከላዩ ያሉትን ረቂቅ ድምፆች ብቻ አስቀረ። የተገኘው የሴቶች ዝማሬ ቢሆንም የማን ድምፅ እንደሆነ የማይለይ፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ሆነ። ሥራውን ለሕዝብ ያሰማው በሙዚቃ አዳራሽ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በካይሮ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የተቀረጸ ድምፅን እየቆራረጡና እየለወጡ ሙዚቃ መሥራትን በፓሪስ ያስተዋወቀው በ1948 ነው፤ ከካይሮው ሥራ አራት ዓመት በኋላ።

«ዋና መሠረቱን አጥፍቶ ረቂቁን አስቀረ» ያልኩትን ላብራራው፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና። የበገና ክር ሲመታ ጆሮአችን አንድ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። በእውነት ግን ክሩ በሙሉ ርዝመቱ ሲርገበገብ፣ በዚያው ቅጽበት በግማሹም፣ በሲሶውም፣ በሩቡም ይርገበገባል። ሙሉው ርዝመት የሚሰጠው ዋናውን፣ ወፍራሙን ድምፅ ነው። ክፍልፋዮቹ ደግሞ ከዋናው በላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ድምፆችን ይሰጣሉ። የአንዱን መሣሪያ ድምፅ ከሌላው፣ የእናትህን ድምፅ ከጎረቤት ድምፅ የሚለየው የእነዚህ ቀጫጭን ድምፆች መጠን ነው። የበገና ሠሪዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ከክሩ ሥር የሚያስገቡት እንዚራ የሚባለው ትንሽ ቆዳ ክሩ እንዲነዝር፣ ማለትም ቀጫጭኖቹ ድምፆች ጎልተው እንዲወጡ ያደርጋል። ኤል-ዳብ በሽቦና በኤሌክትሪክ ያደረገውም ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም።

ዛርን መምረጡስ? ዛር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች ሥርዓቱ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተሻገረው ከኢትዮጵያ እንደሆነ ይስማማሉ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ባለ ዛሮችን ሲያጠና፣ በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት የረዱት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያተኮረው በዛር ሥርዓት የትያትር ገጽታ ላይ ነው። ትክክል ነበር። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል፤ የሌላን ባሕርይ ለብሶ ይናገራል፣ ይፎክራል፣ ጉሪ ይላል፤ እንደ ዛሩ ዓይነት ጨሌውና ልብሱ ይለያያል፤ ከበሮውና ጭብጨባው ካልተስማማ ዛሩ አይመጣም። ሙዚቃ፣ ትወናና ለዓይን የሚታይ ጌጥ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ሊቆም በማይችልበት አኳኋን የተያያዙበት ሥርዓት ነው። የወጣቱ ኤል-ዳብ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ከዚህ መነሣቱ የኋላ ኑሮውን ሁሉ ያስረዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሴቶቹ ወዳሉበት ተሸፋፍኖ ገብቶ ድምፃቸውን መውሰዱ ተገቢ አልነበረም። ሥራው ድንቅ መሆኑ ይህን አይሽረውም። ዛሬ በማዣንግር፣ በሸኮ ወይም በሜኢኒት መንደር የሚቀርጽ ወጣት መጀመሪያ ፈቃድ ሊጠይቅ፣ የቀረጸውንም መልሶ ለባለቤቶቹ ሊያሰማ ይገባል።

ኤል-ዳብ በ1949 ካይሮ ውስጥ ባቀረበው የፒያኖ ሥራ ስሙ ተነሣ። በ1950 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ ከኤርንስት ክሬኔክና ከአሮን ኮፕላንድ ዘንድ ተማረ። ኒው ዮርክ በነበረው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብቶ በ1959 «ለይላና ገጣሚው»ን ሠራ። ይህ ራሱ «የኤሌክትሮኒክ ድራማ» ብሎ የጠራው ሥራ ነው። የታወቀውን የዐረቦች የፍቅር ታሪክ ይዞ የሰው ድምፅን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በቴፕ ቀርጾ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፣ ደራርቦ ያዞራል። ተዋናይ የለም፣ መጋረጃ የለም፤ አድማጩ ግን ማን እንደቀረበ ማን እንደራቀ፣ ማን እንደለመነ ማን እንዳሾፈ በጆሮው ያያል። በቴፕ ሙዚቃ ለመጀመር የሚፈልግ አንባቢ ከዚህ ሥራ ቢጀምር እመክራለሁ፤ አጭር ነው፣ ታሪክ አለው፣ ከበሮውም ለጆሮአችን ሩቅ አይደለም።

ከሁሉ ሥራው ሰፊ ዝና ያተረፈለት ግን በ1958 ለታላቋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም የጻፈው የ«ክሊተምኔስትራ» ሙዚቃ ነው። ታሪኩ የግሪኮች ነው። ንጉሥ አጋሜምኖን ለጦርነቱ መቃናት ሴት ልጁን መሥዋዕት ያደርጋል፤ ሚስቱ ክሊተምኔስትራ ከጦርነት ሲመለስ ትገድለዋለች፤ እሷንም ልጇ ይገድላታል። ዳንሱ የሚጀምረው ሞታ በሙታን አገር ስትቆም ነው፤ «ለምን ተዋረድኩ?» እያለች ያለፈውን ሁሉ ታስታውሳለች። የመድረኩን ቅርጽ የሠራው ቀራጺው ኢሳሙ ኖጉቺ ነበር። የግራሃም ሰውነት፣ የኖጉቺ ቅርጽና የኤል-ዳብ ድምፅ እኩል ተናጋሪ የሆኑበት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻው የዘፋኞቹ ነገር ነው። ዘፋኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ አልተደበቁም፤ መድረኩ ዳር ቆመው ዳንሰኞቹ በሰውነታቸው የሚናገሩትን በድምፃቸው ያወጣሉ። አንዳንዴ ቃል አለ፣ አንዳንዴ ጩኸትና ሲቃ ብቻ ነው። በለቅሶ አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቸገር አይችልም። አልቃሿ የሟቹን ታሪክ ስታወርድ ሐዘንተኛው ደረቱን ይመታል፣ ይሽከረከራል፤ ታሪኩ በአንዷ አፍ፣ ሐዘኑ በሌላው ሰውነት ነው። የአውሮፓ ኦፔራ ዘፋኝና ተዋናይን አንድ ሰው ያደርጋል። ኤል-ዳብና ግራሃም ለያይተው ጎን ለጎን አቆሟቸው፤ በመለየታቸው ሁለቱም ጎሉ። ከግራሃም ጋር ያለው ሥራ በዚህ አላቆመም፤ በ1975 ኑሬየቭና ፎንቴይን ለደነሱበት «ሉሲፈር» ሙዚቃውን የጻፈው እሱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለጊዛ ፒራሚዶች የድምፅና የብርሃን ትርዒት የጻፈው ሙዚቃም አለ፤ እዚያ መድረኩ ድንጋዩ ራሱ፣ ቀለሙም የምሽት መብራት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኤል-ዳብ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዚያው ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በፊሊፕ ካፕላን የሚመራ የኪነ ጥበብ ማዕከል አቋቁሞ ነበር፤ ትያትር፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ ሙዚቀኛ አላጣችም። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ነበሩ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ነበር፤ ንርሰስ ናልባንዲያንን የመሰለ ሊቅ ነበር። የብዙዎቹ መንገድ ግን የኢትዮጵያን ዜማ ወስዶ በአውሮፓ መሣሪያ ማቀናበር ነው። ኤል-ዳብ የሄደው በተቃራኒው ነው። ከየአቅጣጫው የባህል ሙዚቀኞችን አሰባስቦ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። መሣሪያዎቹ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከት፣ ከበሮ ነበሩ፤ በቤታቸው አብረው የማይቀመጡ መሣሪያዎች።

አብረው ለምን አይቀመጡም? እዚህ ትንሽ እንዘግይ። ክራር እንደ ተጫዋቹ ፈቃድ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ቅኝት ይቃኛል፤ ከፍና ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ስላለው ጣት በነካችበት ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ ለማንም ይመቻል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ አይንቀሳቀስም፤ የተለየ ከፍታ የፈለገ ዋሽንተኛ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። እምቢልታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንዱ እምቢልታ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚወለደው ሦስት ነፊዎች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው፤ አንዱ ከቀረ ዜማው ይሞታል። በገና የብቻ ጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከበሮ አጠገቡ ከተመታ አይሰማም። ስለዚህ እነዚህን በአንድ ላይ ማሰለፍ የአንድ ቀን ልምምድ ጉዳይ አልነበረም። መጀመሪያ የሁሉ መነሻ የሚሆን ድምፅ መምረጥ፣ ተንቀሳቃሾቹን ወደማይንቀሳቀሱት ማቃናት፣ ደካማ ድምፅ ያለው እንዲሰማ ሌላው ዝም የሚልበትን ቦታ ማዘጋጀት ይጠይቃል።

ሌላ መንገድም ነበር፤ ሁሉንም በአንድ የፒያኖ ቅኝት ማስተካከልና አንድ ዓይነት ዜማ በአንድ ላይ ማስመታት። ያ ቀላል ነው፤ ግን የእያንዳንዱን መሣሪያ ጠባይ ይበላል። ባህላዊው መንገድ ዜማው አንድ ሆኖ እያንዳንዱ በራሱ አነጋገር፣ በራሱ መዘግየት የሚሄድበት ነው። በእኛ አካባቢ የቡና ቅጠል ጨሞ ያፈላ ሰው ያውቀዋል፤ ሚጥሚጣው፣ ዝንጅብሉ፣ ቅጠሉ አንድ መጠጥ ይሆናሉ እንጂ አንዱም ጣዕሙን አይጥልም።

ኤል-ዳብ በ1964 ሲሄድ ኦርኬስትራው አልሞተም፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የማከብረው ይህንን ነው። አሜሪካዊው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጆን ኮ ጥቂት ጊዜ መራው። ከ1966 ጀምሮ ኃላፊነቱን የተረከበው ተስፋዬ ለማ ነው፤ ደርግ ከመጣ በኋላ በ1975 ኦርኬስትራው እስኪበተን ድረስ ግጥም እየጻፈ፣ ዜማ እየደረሰ፣ ሙዚቃውን ከአጭር ድራማና ከውዝዋዜ ጋር እያሰለፈ ዕድሜ የሰጠው እሱ ነው። ማሲንቆን ከጌታመሳይ አበበ የተማረው ቻርልስ ሳተን በ1969 ቡድኑን «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካ አዟዙሮ አሳየ። የኦርኬስትራው ቅጂዎች በ2007 የኢትዮፒክስ ተከታታይ 23ኛ ሲዲ ሆነው ስለወጡ ዛሬ የፈለገ ሰው ሊያዳምጣቸው ይችላል።

ኤል-ዳብ ከኢትዮጵያ ከሄደ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ከ1969 ጀምሮ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በግንቦት 1970 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በዚያ ግቢ አራት ተማሪዎችን ተኩሰው ሲገድሉ እሱ እዚያው መምህር ነበር። በቀጣዩ ዓመት «ኦፔራ ፍላይስ» የተባለውን ሥራ በዚያ ሐዘን ላይ ጻፈ። በ2017 በ96 ዓመቱ እዚያው ኬንት ከተማ አረፈ።

የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጥያቄ ለሚዛንና ለቴፒ ሕዝብ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ለቃሚ ከየአገሩ ጠርተዋል፤ በሰፈራ የመጣ አለ፣ በንግድ የመጣ አለ። የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካ፣ የከፋ፣ የማዣንግርና የሜኢኒት ሰው ከአማራው፣ ከኦሮሞው፣ ከወላይታው ጋር በአንድ ገበያ ይውላል። ማሲንቆ ከወደ ሰሜን መጥቷል፤ በጋምቤላ በኩል በአውራ ጣት የሚጫወቱት ቶም አለ፤ በየመንደሩ እየተቀባበሉ የሚነፉ ነፊዎች አሉ። ወደ ምሥራቅ ብንሄድ በጊዶሌ ዙሪያ ደራሼዎች ፊላ በሚባለው የሸምበቆ ዋሽንት ብዙ ሰው ሆነው አንድ ዜማ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድርሻ ብቻ ይዞ። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ የደራሼዎችን ሙዚቃ ለዓለም ሲያስረዳ ኖሯል፤ በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ተቀምጦም ክራርን ስለማዘመንና በቅዱስ ያሬድ ላይ ስለተመሠረተ ኦፔራ ሠርቷል። የኤል-ዳብን መንገድ በራሱ ስልት የቀጠለ ከእኛው ወገን የወጣ ሰው ማለት ነው።

በየበዓሉ መድረክ ላይ የማየው ግን ከዚህ ይርቃል። የሁሉም ብሔረሰብ ዘፈን በአንድ ኪቦርድ፣ በአንድ የተዘጋጀ ምት ይታጀባል፤ ልብሱ ብቻ ይቀያየራል። ነፊዎቹ ዋሽንታቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የሚሰማው ግን ኪቦርዱ ነው። ይህ የኪነት ቡድኖቹ ልጆች ጥፋት አይደለም፤ የተሰጣቸው የልምምድ ጊዜም ሆነ አሠልጣኝ ከዚህ በላይ አያስኬድም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፤ በተቀባባይነት የሚነፋ ዜማ ቋሚ ምት ሲጫንበት በመጀመሪያ የሚጠፋው ተቀባባይነቱ ነው።

ስለዚህ ለዞን ባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የምለው አለኝ። ኪቦርዱን ለአንድ ዝግጅት ብቻ አጥፉት። ሁለት ሦስት የተለያዩ መሣሪያዎችን ከባለቤቶቻቸው ጋር ጋብዙ፤ መነሻ ድምፅ እንዲመርጡ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበትን ቦታ እንዲስማሙበት ጊዜ ስጧቸው። ታሪክ የሚያወርድ አንድ ሽማግሌ፣ የሚጨፍር አንድ ወጣት፣ መድረኩን በቀርከሃና በእንሰት ቅጠል የሚያዘጋጅ አንድ ሠዓሊ ጨምሩ። በስልካችሁም ቅረጹ፤ ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የቀረጻችሁትን የት፣ መቼ፣ ለምን ዓይነት በዓል፣ በማን እንደተዜመ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዜማዎቹን የሚያውቁት ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸውና ሥራው ከመጪው የቡና ለቀማ በፊት ይጀመር።